ማጣሪያው አልቆመም፣ ታዲያ ምን አገኙ? የዋይቲንግ ጉዳይ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነዳጅ ማጣሪያ የለም፣ በአገሪቱም የለም፣ አሰብ የነበረው ከተዘጋ ወዲህ ነዳጅ የምናውቀው በቦቴና በማደያ ሰልፍ ነው። ታዲያ ስለ አሜሪካ ነዳጅ ማጣሪያ ምን አስጻፈህ የሚለኝ አይጠፋም። ያስጻፈኝ በአንድ ማጣሪያ ዙሪያ ኩባንያው፣ መንግሥትና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች የደረሱበት ስምምነት ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ስንት ፋብሪካ እንደተከፈተ የምታዩት ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ብርድ ልብሱ ከድሮም ነበረ፣ ቢራው መጣ፣ ወደ ለሚ ስትወርዱ ሲሚንቶው አለ፣ እና ፋብሪካ ባለበት አገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን "እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገር" የሚባልበት ስብሰባ ይመጣል። ያኔ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ስለዚ አንድ በደንብ የታወቀ ጉዳይ ከስሩ ላውራችሁ፣ የዋይቲንግን።

ዋይቲንግ ኢንዲያና የሚባለው ግዛት ውስጥ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ሕዝቧ 5,000 አይሞላም፣ ከቺካጎ መሀል ከተማ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ማጣሪያውን በ1889 የመሰረተው የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል ነው (የአሜሪካውን ታሪክ ስናገር ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ)፣ በኋላ አሞኮ ሆነ፣ በ1998 አሞኮና የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ሲዋሃዱ የቢፒ ሆነ። በቀን ከ400 ሺህ በርሚል በላይ ድፍድፍ ያጣራል፣ በዛ አካባቢ የሚተካከለው የለም። ሐይቁ ደግሞ ጣናን ወደ 19 ጊዜ ያጥፋል፣ የቺካጎና የዙሪያዋ ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠጣው ከዛው ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ሰዉ ለምን እንደዛ እንደተቆጣ የሚገባችሁ ከዚህ ነው።

በ2006 ቢፒ ማጣሪያውን አሰፋለሁ አለ። መጀመሪያ 3 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፣ ቆይቶ 3.8 ቢሊዮን። ምክንያቱ የካናዳ ድፍድፍ ነው፣ አልበርታ ላይ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ፣ ሬንጅ በሉት፣ ወፍራም ነው፣ ዋጋው ይረክሳል ግን ሰልፈሩም ሄቪ ሜታሉም ብዙ ነው። ይሄን ለማጣራት ኮከር የሚባል ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል፣ ወፍራሙን ዝቃጭ በከፍተኛ ሙቀት ሰባብሮ ነዳጅ የሚሆነውን ያወጣና ከታች ከሰል የመሰለ ጥቁር ነገር ይተዋል፣ ፔትኮክ ይባላል። ይቺን ፔትኮክ እንዳትረሷት፣ በኋላ ትመጣለች።

የመጀመሪያው ጸብ የውሃ ነበር። በ2007 የኢንዲያና ግዛት የአካባቢ ቢሮ ለማጣሪያው አዲስ የፍሳሽ ፈቃድ ሰጠ፣ ፈቃዱ ወደ ሐይቁ የሚለቀቀው አሞኒያ በ54 በመቶ፣ ደቃቅ ዝቃጩ ደግሞ በ35 በመቶ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ጠቅላላውን በኛ ሚዛን ስትመቱት በቀን 7 ኩንታል አሞኒያና 22 ኩንታል ዝቃጭ ገደማ ማለት ነው። በየቀኑ። ቢሮው ለዚህ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ሥራ ነው፣ ማስፋፊያው 80 ቋሚ ሥራ ይፈጥራል ተባለ። ለግንባታው ጊዜ የሚቀጠረው በሺህ ነው፣ እሱ ሌላ ነው፣ ቋሚው ግን 80። (የሥራ ዕድል የሚባል ነገር ስብሰባ ላይ ሲጠራ ቋሚውንና ጊዜያዊውን ለዩልኝ ማለት ጥሩ ልማድ ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ ቁጥሩ ያምራል።)

ወሬው በሐምሌ ቺካጎ ትሪቡን ላይ ሲወጣ ሰዉ ተነሳ። ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ፈቃዱን የሚነቅፍ ውሳኔ በ387 ለ26 ድምፅ አሳለፈ። ውሳኔው ማንንም አያስገድድም፣ ግን አስቡት፣ የአንድ ማጣሪያ የፍሳሽ ፈቃድ ፓርላማ ገብቶ ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም አንድ ላይ እጅ ሲያወጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢፒ አፈገፈገ፣ በተጨመረው መጠን አልጠቀምም፣ በድሮው ልክ ውስጥ እሠራለሁ አለ። ሰዉ ደስ አለው፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ አለቀ።

አለቀ ወይ? እኔ እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። ቢፒ ያኔ የሰጠው ቃል ነው፣ የኩባንያ መግለጫ። ቃሉ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን ቢጥሰው ዳኛ ፊት የሚያቆመው ወረቀት በሰዉ እጅ የለም። ጩኸት ጥሩ ነው፣ ጩኸት የሚሠራው ግን ጋዜጣው ገጽ ላይ እስካለ ድረስ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶቹ ይሄ የገባቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ጸብ ላይ አካሄዳቸው ሌላ ሆነ።

ሁለተኛው የአየር ነው፣ ጉዳዩ ጠለቅ የሚለውም እዚህ ነው። የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ ነባር ፋብሪካን ዝም ብሎ አፍርስ አይልም፣ ግን ትልቅ ለውጥ ካደረግክና በለውጡ ምክንያት የምትለቀው ብክለት ከተወሰነ መጠን በላይ ከጨመረ በዘመኑ አለ የተባለውን ምርጥ መከላከያ መግጠም አለብህ ይላል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፣ ጨመረ ወይስ አልጨመረም? ቢፒ አልጨመረም አለ። እንዴት? አዲሱ ማሽን የሚጨምረውን ከአንድ ወገን አሮጌ ማሽን ስለምዘጋና ስለማሻሽል የምቀንሰውን ከሌላ ወገን አቀናንሱት፣ ድምሩ ከወሰኑ በታች ነው። ግዛቱም ሒሳቡን ተቀብሎ በግንቦት 2008 የአየር ፈቃዱን ሰጠ።

ይሄ ማቀናነስ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ግን የጋራ ግጦሽ ያለበት አገር ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንዱ ይመጣና አራት በሬ ላስገባ ነው፣ ግን አስር በግ ስለሸጥኩ ሳሩ ላይ የጨመርኩት የለም ይላል። በወረቀት ልክ ነው። ማታ ማታ አጥር ዘለው የሚግጡት ፍየሎቹስ? እነሱን ማንም አልቆጠረም። በዋይቲንግ ፍየሎቹ ፍሌሮቹ ነበሩ። ፍሌር ማለት አናቱ ላይ እሳት የሚነድበት ረጅም ቧንቧ ነው፣ ማሽን ሲነሳ፣ ሲጠፋ፣ ሲበላሽ የተረፈው ጋዝ እዛ ላይ ይቃጠላል። በአዲሶቹ ማሽኖች የተነሳ ፍሌሩ ላይ የሚቃጠለው በሒሳቡ ውስጥ በትክክል አልገባም ብለው ተነሱ፣ ከፊት የነበረው ናቹራል ሪሶርስስ ዲፌንስ ካውንስል፣ በአጭሩ ኤንአርዲሲ የሚባለው ነው። በዛው ዓመት ሐምሌ ፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፣ ከሰስኩ ብሎ ደግሞ አልተኛም፣ ለፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ለኢፒኤ፣ ይሄ ፈቃድ ላይ ተቃውሞ አቅርብልኝ የሚል አቤቱታ ገባ።

ሁለት በር ማንኳኳቱ ነው የጠቀመው። በጥቅምት 2009 ኢፒኤ ለአቤቱታው መልስ ሰጠ፣ ግዛቱ ስለ ፍሌሮቹ ልቀት ለቀረበበት ጥያቄ የሰጠው መልስ በቂ አይደለም፣ ሒሳቡን እንደገና እየው አለ። ኢፒኤ ራሱም ከዛ በፊት፣ በ2007 መጨረሻ፣ ስለ ሌላ የማጣሪያው ክፍል ሕግ ጥሰሃል የሚል ማስታወቂያ ለቢፒ ልኮ ነበር። እንግዲህ አንድ በግል ድርጅት የተጀመረ ክርክር መንግሥት ራሱ ከያዘው ጉዳይ ጋር ገጠመ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ግንባታው አልቆመም፣ ክሬኑ ይሠራል፣ ብረቱ ይበየዳል፣ የግንባታ ሠራተኛው ማኅበርም ማስፋፊያውን ይፈልጋል፣ እንጀራው ነው።

አሁን ሁለቱን ወገኖች አስቧቸው። ቢፒ ቢሊዮን ዶላር መሬት ላይ አፍስሶ ፈቃዱ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ባንክም ባለአክሲዮንም እንደዚህ ያለ ነገር አይወድም። ድርጅቶቹ ደግሞ ክርክሩን እስከ መጨረሻ ቢገፉት ዓመታት ይፈጃል፣ ቢያሸንፉ እንኳ የተገነባውን ማሽን ንቀል የሚል ዳኛ ማግኘት ከባድ ነው። እንደኔ ግምት ለስምምነት ያመጣቸው ይሄ ነው፣ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ነበራቸው። የሚያጣው ነገር የሌለው ወገን ለድርድር ሲቀመጥ ለፎቶ ነው የሚቀመጠው።

በግንቦት 23 ቀን 2012 ስምምነቱ ኢንዲያና ሃመንድ ላይ ላለው ፌደራል ፍርድ ቤት ቀረበ። ከሳሹ የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ የኢንዲያና ግዛትም አለበት፣ የአካባቢ ድርጅቶቹ ደግሞ ጣልቃ ገብ ተከራካሪ ሆነው ገብተዋል፣ ሴራ ክለብ፣ ሴቭ ዘ ዱንስ፣ ኤንአርዲሲ፣ ሁዥር ኢንቫይሮመንታል ካውንስል፣ ኢንቫይሮመንታል ሎው ኤንድ ፖሊሲ ሴንተር፣ ኢንቫይሮመንታል ኢንተግሪቲ ፕሮጀክት፣ እና በማጣሪያው ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች። ጣልቃ ገብ መሆን ማለት ምን እንደሆነ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፣ መንግሥትና ኩባንያው ሲደራደሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ ወሬ መጠበቅ የለም፣ ወንበር አለህ።

ስምምነቱ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ቢፒ 8 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ይከፍላል። ለማጣሪያው የብክለት መከላከያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፣ ፍሌሮቹ ላይ ጥብቅ ገደብ ይቀመጣል፣ ኢፒኤ ይሄ ሁሉ ሲተገበር በዓመት ከ4,000 ቶን በላይ ብክለት ይቀንሳል ብሎ ገምቷል። የሙቀት አማቂ ጋዝ ለሚቀንሱ ሥራዎች 9.5 ሚሊዮን ተጨምሯል። ከዛ 2 ሚሊዮን ዶላር የምትፈጅ አንዲት ነገር አለች፣ በማጣሪያው አጥር ጥግ የአየር መለኪያ ይተከል፣ የሚለካው ውጤት ደግሞ ማንም ሰው ገብቶ እንዲያየው ድረ ገጽ ላይ ይውጣ የምትል።

ጋዜጠኛው ሁሉ 400 ሚሊዮኑን ነው የጻፈው፣ ትልቅ ቁጥር ነዋ። ስምንቱ ሚሊዮን እንግዲህ ከማስፋፊያው ወጪ የአንድ በመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም፣ ለቢፒ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከሁሉም የምወስደው 2 ሚሊዮኗን ነው። እስከዛ ድረስ ከማጣሪያው ምን ያህል እንደወጣ የሚያውቀው ማጣሪያው ነበር፣ ቁጥሩንም በአብዛኛው የሚያገኘው በስሌት ነው፣ ይሄ ማሽን ይሄን ያህል ሰዓት ከሠራ ይሄን ያህል ይለቃል በሚል። አጥር ላይ የተተከለው መሣሪያ ስሌት አያውቅም። አጥሩን አልፎ ወደ ሰዉ ቤት የሚሄደውን አየር ነው የሚለካው፣ ቤንዝን የሚባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል፣ ቶሉይን፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ የገማ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ።

ይሄን ታሪክ ከከተማው ወረድ ብሎ በረሳ ወንዝ ዳር ጎመንና ካሮት ለሚያለሙ ሰዎች አውርቼላቸው ነበር፣ ቡና እየተጠጣ። አንድ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"ታዲያ ፋብሪካው ቆመ?" አሉኝ።

"አልቆመም ጋሼ፣ እንዲያውም በ2013 ማስፋፊያው አልቆ ሥራ ጀመረ።"

"እንግዲያ ምኑን ተስማሙት ልጄ፣ ሰውየው የፈለገውን አገኘ አይደል።"

መልስ ልሰጣቸው ስል ቡናውን የሚቀዱት እትዬ ቀደሙኝ። "ሽታው ሲመጣ ከማን እንደመጣ ይታወቃላ! እኛ ስንሄድ 'በምን አወቃችሁ' አይደል የምንባለው፣ እነሱ መሣሪያው ይናገርላቸዋል" አሉ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና "መሣሪያው የማን ነው፣ የፋብሪካው ከሆነ የፋብሪካውን ነው የሚናገረው" አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ቢፒ ነው። ግን የሚለካው ነገር፣ ውጤቱ የሚወጣበት መንገድ፣ ሁሉ ስምምነቱ ውስጥ ተጽፏል፣ ስምምነቱን የተቀበለው ደግሞ ዳኛ ነው፣ አልለካሁም ወይም አላወጣሁም ቢል የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ነው።

ስለ ሽምግልና አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ስምምነት ሲባል ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ሽምግልና እወዳለሁ፣ ደም ያደርቃል፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶችን ከፍርድ ቤት በተሻለ ያስታርቃል። ግን ዕርቅ የሚሠራው ያለፈውን ለመዝጋት ነው፣ የሆነው ሆኗል፣ ካሳው ይከፈል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቂም የለም ይባላል። ፋብሪካ ላይ ይሄ አይሠራም፣ ፍሳሹ ነገም ይወጣል፣ ከነገ ወዲያም። ለትምህርት ቤቱ ወንበር ተገዛ፣ ለመንገዱ ጠጠር ፈሰሰ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ማህተም ተመታ፣ ሰው ተጨባበጠ፣ ውሃው ግን በሳምንቱ መልኩን ቀይሮ ቢመጣ ወረቀቱ ስለሱ የሚለው ነገር የለም። ሽምግልና ውስጥ ግን እዚህም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፣ ዋስ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ዋስ ጥሩ ይላል፣ ቃሉን ያፈረሰ እንደሆነ ዋሱ ይጠየቃል። በዋይቲንግ ዋሱ ፍርድ ቤቱ ነው፣ እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ውስጥ ደግሞ ግዴታውን የጣሰ ምን እንደሚከፍል ቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ከተጣሰ በኋላ ስንት ይሁን ተብሎ አይጀመርም።

ስምምነቱ ግን ሁሉን አልያዘም፣ ይሄን ደብቆ ማለፍ ነውር ነው። ፔትኮኳ መጣች። ኮከሩ በ2013 መጨረሻ ሲነሳ ማጣሪያው በቀን 6,000 ቶን ገደማ ፔትኮክ የሚያወጣ ሆነ፣ ከበፊቱ ወደ ሦስት እጥፍ። ይሄ የት ይሄዳል? ድንበሩን ተሻግሮ ቺካጎ ደቡብ ምሥራቅ፣ ካሉሜት ወንዝ ዳር፣ ኮክ (Koch) የሚባል ኩባንያ ንብረት የሆነው ኬሲቢኤክስ የሚባል ድርጅት ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ ተከመረ። ንፋስ ሲነሳ ጥቁሩ አቧራ ሰፈሩ ላይ ይበተናል፣ አዲሱ ኮከር ገና ሳይነሳ እንኳ፣ በ2013 ነሐሴ መጨረሻ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሰዉ ፎቶ ያነሳበት ቀን ነበር፣ መስኮት ተዘግቶ የሚዋልበት፣ ልጅ ከውጭ ጨዋታ የሚጠራበት። የማጣሪያው ስምምነት ስለ ማጣሪያው አየር ነበር፣ ከበሩ ስለሚወጣው ክምር የሚለው አልነበረም፣ ሌላ ግዛት፣ ሌላ ባለቤት፣ ሌላ ፈቃድ። ነዋሪዎቹ ከዜሮ ጀመሩ፣ ስብሰባ፣ ሰልፍ፣ ክስ። ከተማዋ በ2014 ክምሩ ላይ ደንብ አወጣች፣ ክምሩ የጠፋው ግን በ2016 ነው። ትምህርቱ ለኛም ይሠራል፣ ፋብሪካ ስታዩ ጭስ ማውጫውንና ቱቦውን ብቻ አትዩ፣ ዝቃጩ በመኪና ተጭኖ የት ሰፈር እንደሚደፋም ጠይቁ።

ሌላም አለ። በመጋቢት 2014 ከማጣሪያው ድፍድፍ ወደ ሐይቁ ፈሰሰ፣ የኩባንያው ግምት ከ15 እስከ 39 በርሚል ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ያ ሐይቅ የመጠጥ ውሃ ነው፣ ቦታው ደግሞ በ2007 ያ ሁሉ ፊርማ የተሰበሰበበት ነው፣ ሰዉ እንዴት እንዳየው ገምቱት።

የአጥሩ ነገር ግን ከዋይቲንግ ወጣ። በ2015 ኢፒኤ ለአገሪቱ ማጣሪያዎች ሁሉ አዲስ ደንብ አወጣ፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ አጥሩ ዙሪያ ቤንዝን ይለካ፣ የዓመት አማካዩ በሜትር ኪዩብ ከ9 ማይክሮግራም ካለፈ ምንጩን ፈልጎ ያስተካክል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይውጣ አለ። ደንቡ የመጣው በዋይቲንግ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፣ የሌሎች ማጣሪያዎች ልምድም ክስም አለበት። ግን በ2012 አንድ ማጣሪያ በድርድር የተቀበለው ነገር በሦስት ዓመት ለሁሉም ግዴታ ሆነ።

ከዛ ግንቦት 2023 ደረሰ። ፍትሕ ሚኒስቴሩና ኢፒኤ ከቢፒ ጋር ስለዚሁ ስለ ዋይቲንግ ማጣሪያ ሌላ ስምምነት አወጁ፣ ነገሩ የማጣሪያው ፍሳሽ ውስጥ ያለው ቤንዝንና ከሱ ጋር ወደ አየር የሚወጡ ሌሎች መርዛማ ጋዞች ናቸው። ቅጣቱ 40 ሚሊዮን ዶላር፣ አንድ ቦታ ቆሞ በሚሠራ ፋብሪካ ላይ በንጹህ አየር ሕግ በስምምነት ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ ተባለ፣ በዛ ላይ 197 ሚሊዮን ዶላር ለማሻሻያ፣ በአካባቢው የናፍጣ ጭስ ለመቀነስ ደግሞ 5 ሚሊዮን። ቤንዝኑ በዓመት 7 ቶን ይቀንሳል ተብሎ ተገመተ።

ይሄን አንብቦ "አያችሁ፣ የ2012ቱ ስምምነት አልሠራም" የሚል ሰው አለ፣ ግማሹን እውነት ብያለሁ። 400 ሚሊዮን የፈሰሰበት ማጣሪያ በ11 ዓመቱ በቤንዝን ሲቀጣ ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ሌላው ግማሽ ግን ቅጣቱን ነው የማየው፣ ከ8 ሚሊዮን ወደ 40 ሚሊዮን። የሚለካና የሚጽፍ ሰው በዙሪያው ያለ ፋብሪካ ሲያጠፋ ዝም ተብሎ አይታለፍም፣ መዝገቡ ወፍራም ስለሆነ ቅጣቱም ይወፍራል። ሴራ ክለብና ኢንቫይሮመንታል ኢንተግሪቲ ፕሮጀክትም በመሀሉ ስለ ጥቀርሻ ብናኝ ሌላ ክስ መሥርተው በስምምነት ጨርሰዋል። እነዚህ ሰዎች ከ2012 በኋላ ቤታቸው አልገቡም። ለጋሼ የምመልሰውም ይሄንኑ ነው፣ ማጣሪያውን አላቆሙትም፣ ግን ተጎራባቹ ሆነው ቀሩበት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ አሜሪካ ሕግ አለ እኛ ጋ የለም የሚባለውን እኔ አልቀበልም። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወረቀቱ ግን አለ፣ የሚገርመውም አንዳንዱ ቦታ ከነሱ ሰፋ ያለ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይላል፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን መስጠት እንዳለበት። በ1995 ዓ.ም (ይሄ በኛ ነው) ሁለት አዋጆች ወጡ። አዋጅ 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው፣ ፕሮጀክት ሲል አዲሱን ብቻ አይደለም የሚለው፣ ነባር ድርጅት ላይ የሚደረግ ትልቅ ማስፋፊያንም ይጨምራል። ስለዚህ "ፋብሪካው እኮ ድሮም ነበረ" የሚለው መልስ አይሠራም፣ አሰፋለሁ ካለ ግምገማው ይጠየቃል፣ የጥናቱ ሪፖርትም ሕዝብ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት ክፍት መሆን አለበት። ማስፋፊያ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ሰነድ ነው፣ የዋይቲንጉ የማቀናነስ ሒሳብ ዓይነት ነገር የሚቀመጠው እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ ነው፣ ፍየሎቹ ተቆጥረው እንደሆነ የሚታየውም እዛው።

አዋጅ 300 የብክለት ቁጥጥር ነው፣ አንቀጽ 11ን አንብቡት፣ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፣ ብዙ መዝገብ እዛ ላይ ይወድቃል። የኛው አንቀጽ ግን ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳይጠበቅበት አካባቢን የበከለ ወይም ሊበክል የሚችል ላይ ለፌደራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሬታችሁ ወንዙ ዳር ባይሆንም ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም የወሰነው ካልተዋጠላችሁ፣ ከዛ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

እትዬ ይሄን ሲሰሙ "ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?" ነበር ያሉት። እኔ ካሳ ብላችሁ አትጀምሩ ነው ያልኩት፣ ካሳው ይደርሳል። ቱቦው ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት በታችና በላይ ውሃው በየወሩ ይለካ፣ ናሙናው ሲወሰድ ከገበሬው ሁለት ሰው ይኑር፣ ውጤቱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ልኩን ካለፈ ምን ይሆናል የሚለው አሁኑኑ ይጻፍ፣ ስምምነት ላይ ከተደረሰም ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ፣ ቃለ ጉባኤ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ አይቅር። ጋሼ ደግሞ "ዝቃጩን የሚጭነው መኪና የት እንደሚደፋም ይጻፍ" ብለው ጨመሩ፣ ፔትኮኳን አልረሷትም።

አቤቱታውን ስታስገቡ ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱን ገቢ አስደርጉና በሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ እጃችሁ ላይ አስቀሩ፣ 30 ቀኑን የምታስረዱበት እሱ ነው፣ በቃል "ባለፈው ወር አመልክተን ነበር" ማለት የትም አያደርስም።